የሎሚው ቅጠል ለምን ቢጫ ሆነ? የግቢ አፈርን በቤት የመመርመርና የማዳበር አሠራር፣ ለድሬዳዋና ለሐረር

«ሎሚዬ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ነው። ዩሪያ ጨመርኩ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ ጠዋት ማታ አጠጣሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ምን ልጨምርበት?»

ይህ ጥያቄ ከሳቢያንም፣ ከገንደ ቆሬም፣ ከሐረርም በየጊዜው ይመጣል። ሎሚው አንዳንዴ ብርቱካን፣ አንዳንዴ ዘይቱን ይሆናል እንጂ ነገሩ ያው ነው። «ምን ልጨምር» ከማለት በፊት ግን አፈሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ይሻላል። ምርመራው ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ወጪውም ከአንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ብዙም አያልፍ። አፈሩን ማዳበሩ ሦስት አራት ወር፣ ሐረር ላይ እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። እስከዚያው ቢያንስ አመዱን አቁሙ፤ ምክንያቱ ደረጃ 2 ላይ አለ።

አፈሩ ከየት መጣ፣ ለተክሉስ ምን ይሰጣል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ከታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

አፈር ማለት የደቀቀ ድንጋይ፣ የበሰበሰ የተክልና የእንስሳ ቅሪት፣ ውሃና አየር ነው። ድንጋይ በቀን ግሎ በሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሥር ይገባል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከሥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆንና ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር ለመሆን በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አፈር የወላጁን የድንጋይ ጠባይ ይዞ ይቀራል። ከግራናይት የወጣ አፈር አሸዋማ ነው፤ በባቢሌ በኩል ኦቾሎኒ የሚመቸው ለዚህ ነው። ከባዛልት የወጣው ብዙ ጊዜ ሸክላው የበዛ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲሆን ጠቁሮ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ማለት ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ ደግሞ የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ ከላይ ከተራራው እየጠረገ ያወረደው አሸዋና ደለል ውስጥም ይኸው ኖራ አለበት።

ተክል ለመኖር 17 ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል። ካርቦንን፣ ሃይድሮጂንንና ኦክስጂንን ከአየርና ከውሃ ያገኛል። ቀሪዎቹን 14 የሚያገኘው ከአፈር ነው። ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፈረስ፣ ብረትና ዚንክ ድንጋዩ ሲደቅ የሚወጡ ናቸው። ናይትሮጂን ግን ድንጋይ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እሱ የሚመጣው ከበሰበሰ ቅሪትና ከአየር ላይ ከሚይዙት ባክቴሪያዎች ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ከወንዝ ዳር በመኪና የተጫነ «ለም አፈር» ደለሉ ቢያምርም ቅሪት ከሌለው ናይትሮጂን የለውም። ሁለተኛ፣ ኖራ የበዛበት አፈር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከ7 ሲበልጥ የአሲድ ተቃራኒ ነው) አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 8.5 ስለሚሆን ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ እያሉ ለሥር አይሟሙም። ጎተራው ሙሉ ነው፣ በሩ ተቆልፏል። የሎሚው ቢጫነት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምርመራው፦
• ዶማ ወይም አካፋ፣ ሲሚንቶ ያልተቦካበት ንጹሕ ባልዲ
• ወንፊት
• ጎኑ ቀጥ ያለ፣ 1 ሊትር የሚይዝ፣ የሚያሳይ ዕቃ ከነክዳኑ (የሃይላንድ ጠርሙስ ይሆናል፣ ወገቡ የጠበበውን ግን ተዉት፤ ልኬቱን ያሳስታል)
• ነጭ ኮምጣጤ ወይም አቼቶ
• 1 የሻይ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና
• ማስመሪያና ማርከር
• 1 ሊትር የዝናብ ውሃ፣ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ

ለኮምፖስቱ (ከበሰበሰ ቅሪት ለሚሠራው ማዳበሪያ፣ ደረጃ 6)፦
• 6 ወይም 7 የኩንታል ጆንያ ደረቅ ነገር፦ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ፣ የረገፈ ቅጠል
• 3 ጆንያ እርጥብ ነገር፦ ገራባ (የጫት ውዳቂ)፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አረም
• ከ1 ጆንያ ተኩል እስከ 2 ጆንያ ፍግ፦ የፍየል በጠጥ ወይም የከብት እበት
• ከ150 እስከ 200 ሊትር ውሃ
• 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ዱላ፣ አሮጌ ኬሻ፣ ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛ

ደረጃ 1፦ ናሙና ውሰዱ

1. ከምትተክሉበት ቦታ እንደ ዚግዛግ እየዞራችሁ 5 ቦታ ምረጡ።
2. ላዩን ቅጠልና ቆሻሻ ጥረጉ። ለአትክልት 20 ሳ.ሜ. ቆፍሩ። ለዛፍ ከሆነ ከ20 እስከ 40 ሳ.ሜ. ካለውም ለብቻው ውሰዱ።
3. ከየጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ላጡ፤ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ።
4. ጥላ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ፣ ጓሉን ሰባብሩ፣ ንፉ። ግማሽ ኪሎ ይበቃል።

ከአንድ ቦታ ብቻ የተወሰደ ናሙና የግቢውን ሳይሆን የዚያን ጉድጓድ ጠባይ ነው የሚናገረው። ከግንብ ሥር፣ አመድ ከሚደፋበት፣ የልብስ እጣቢ ከሚፈስበት፣ ሲሚንቶ ከተቦካበት ቦታ ናሙና አትውሰዱ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉ ጠባብ ግቢዎች ደግሞ ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ የፈረሰ ግንብ ሙሌት ነው። እንዲህ ከሆነ እስኪያልፍ ቆፍሩ፤ ካላለፈ በሣጥን ወይም ከፍ ባለ መደብ መትከል ይሻላል።

ደረጃ 2፦ በኮምጣጤ ኖራውን ፈትኑ

1. 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ አፈር ሲኒ ውስጥ አድርጉ።
2. መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት፤ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ጠብቁ። ደረቅ አፈር ውሃም ሲነካው የያዘውን አየር ስለሚለቅ ይንጣጣል። ይህን የሚዘል ሰው የኖራ መልስ ነው ብሎ ይሳሳታል።
3. አሁን 1 የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩና ጆሯችሁን አስጠጉ።

የማይሰማ፣ የማይታይ ከሆነ ኖራው የለም ወይም በጣም ጥቂት ነው። ጆሮ ላይ ብቻ ተንጣጥቶ ዝም የሚል ከሆነ ጥቂት አለ። አረፋው በዓይን ከታየ መካከለኛ ነው፤ እንደ አምቦ ውሃ ገንፍሎ ከቆየ ብዙ ነው። ኮምጣጤ ደካማ አሲድ በመሆኑ ጥቂቱን ኖራ ሊያልፈው ይችላል፣ ብዙውን ግን አይስተውም። ከ20 ሳ.ሜ. በታች የተወሰደውንም ፈትኑ፤ ኖራ ከላይ በዝናብ ታጥቦ ታች ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል፣ የዛፍ ሥር የሚደርሰው ደግሞ እዚያው ነው።

አረፋ ካወጣ አመድ፣ ኖራ፣ የእንቁላል ቅርፊት ዳግም አትጨምሩበት። አመድና ኖራ አፈሩ አሲዳማ በሆነበት በወለጋና በመሳሰለው ዝናባማ ደጋ መድኃኒት ናቸው፤ ምክሩም ከዚያ ነው የሚመጣው። አመድ ፖታሲየም ይሰጣል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፒኤቹን ወደ ላይ ስለሚገፋ የተቆለፈውን በር ደግሞ ይቆልፈዋል።

«ታዲያ በድኝ ኖራውን ላጥፋው?» ለሚል፣ ሒሳቡን ራሳችሁ እዩት። 1 ካሬ ሜትር ቦታ እስከ 20 ሳ.ሜ. ጥልቀት 260 ኪሎ ገደማ አፈር አለው። ከዚህ 10 በመቶው ኖራ ከሆነ 26 ኪሎ ኖራ ነው። 1 ኪሎ ድኝ የሚያጠፋው 3 ኪሎ ያህል ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ብቻ ከ8 ኪሎ በላይ ድኝ! አያዋጣም። ኖራውን ትታችሁ በዙሪያው መሥራት ነው የሚያዋጣው፤ ደረጃ 6 እሱ ነው።

አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ እሱንም ለብቻው ፈቅፍቃችሁ ፈትኑ። በኮምጣጤ የሚፈላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኖራ ነው። ሳይፈላ ውሃ ውስጥ ፈጥኖ የሚሟሟ ከሆነ ጨው ነው፤ መላው ደረጃ 9 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ በጠርሙስ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላውን ለኩ

1. የተነፋውን አፈር የዕቃውን አንድ ሦስተኛ አድርጉ።
2. ሳሙናውን ጨምሩ፤ ውሃውን ከአፉ 3 ሳ.ሜ. እስኪቀር ሙሉ።
3. አንድ ሌሊት ይዘፍዘፍ። በማግሥቱ 5 ደቂቃ ሙሉ በኃይል ናጡት፤ ሳታንቀሳቅሱ ደልዳላ ቦታ አስቀምጡ።
4. ከ1 ደቂቃ በኋላ የወረደውን በማርከር አስምሩ፤ አሸዋው ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ አስምሩ፤ የተጨመረው ደለል ነው። ውሃው እስኪጠራ፣ 24 ወይም 48 ሰዓት ጠብቃችሁ የመጨረሻውን አስምሩ፤ ከላይ የተኛው ሸክላ ነው።
5. የእያንዳንዱን ውፍረት ለጠቅላላው አካፍላችሁ በ100 አባዙ።

ለምሳሌ ጠቅላላው 9 ሳ.ሜ. ሆኖ አሸዋው 5.4፣ ደለሉ 2፣ ሸክላው 1.6 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ አሸዋ 60፣ ደለል 22፣ ሸክላ 18 በመቶ ነው። አሸዋው የበዛ፣ ግን ጥሩ ሊሠራ የሚችል አፈር ነው። አሸዋው ከ70 በመቶ ካለፈ ውሃም ምግብም አይዝም። ሸክላው ከ40 በመቶ ካለፈ ምግብ ይይዛል፣ አየር ግን ያጥረዋል።

ውሃው ለምን ይፈላል? የድሬ ቧንቧ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ካልሲየም የሸክላን ደቃቅ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጣብቆ ቶሎ ይጥላቸዋል፤ ሸክላው እንደ ደለል ይቆጠርና የአፈራችሁ ሸክላ ከሆነው በታች ጥቂት ይመስላል። ሲፈላ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣል። ሲቀዘቅዝ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ።

ጠርሙስ ለሌለው፦ እፍኝ አፈር እንደ ሊጥ አርጥቦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደ ጥብጣብ መግፋት ነው። 2.5 ሳ.ሜ. ሳይደርስ ከተቆረጠ ሸክላው ጥቂት ነው፤ 5 ሳ.ሜ. ካለፈ ሸክላው ብዙ ነው።

ደረጃ 4፦ ውሃው የሚወርድበትን ፍጥነት እዩ

30 ሳ.ሜ. ስፋትና 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በውሃ ሙሉት፣ ይጠጣ። ደግማችሁ ሙሉትና በአንድ ሰዓት ስንት ሳ.ሜ. እንደወረደ ለኩ። መጀመሪያ ላይ ደረቅ አፈር ስለሚምገው የመጀመሪያው ሙሌት አይቆጠርም። በሰዓት ከ2.5 ሳ.ሜ. በታች ከሆነ ሥር ይታፈናል፣ ከፍ ባለ መደብ ትከሉ። ከ10 ሳ.ሜ. በላይ ከሆነ ውሃውም ናይትሮጂኑም ታች ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ ቅጠሉን አንብቡ

መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ተክል ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ብረትን፣ ዚንክንና ካልሲየምን ግን እንዲህ አያዘዋውርም። ስለዚህ ቦታው ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

• አሮጌው ቅጠል ከነደም ሥሩ እኩል ቢጫ፣ ዕድገቱም የቀጨጨ፦ ናይትሮጂን።
• አሮጌው ቅጠል ጠቆር ብሎ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፦ ፎስፈረስ።
• የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ እንደተለበለበ የደረቀ፦ ፖታሲየም ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ግን ጨውም እንዲሁ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ጨዉን አጣሩ።
• በሎሚና ብርቱካን አሮጌ ቅጠል ላይ ከእንብርቱ በኩል አረንጓዴ ጦር የሚመስል ቀርቶ ሌላው ቢጫ፦ ማግኒዚየም።
• አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው የቀሩ፦ ብረት። የመግቢያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።
• አዲሱ ቅጠል ትንንሽና ጠባብ፣ ተጠጋግቶ የበቀለ፣ ቡራቡሬ፦ ዚንክ።
• የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ የሚሰምጥ፦ ካልሲየም ፍሬው አልደረሰም ማለት ነው። ኖራ በሞላበት አፈር ካልሲየም አይጠፋም፤ ካልሲየም ግን የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። ሦስት ቀን አስጠምቶ በአራተኛው ማጥለቅለቅ ነው በሽታው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ሳታዩ አትፍረዱ። ከሥሩ ደቃቅ ሸረሪት ወይም ነጭ ዝንብ ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ደረጃ 6፦ ኮምፖስት ሥሩ

የኖራ አፈር ዋናው መድኃኒት ይህ ነው። የበሰበሰ ቅሪት ናይትሮጂን ያመጣል፤ ሲበሰብስ የሚወጡት አሲዶች በሥሩ ዙሪያ ብረትንና ዚንክን አቅፈው እንዲሟሙ ያደርጋሉ፤ አሸዋውን ውሃ እንዲይዝ፣ ሸክላውን እንዲተነፍስ ያደርጋል። ከሱቅ የሚገዛ አንድም ነገር ሦስቱን ባንዴ አይሠራም።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የማሽላ አገዳ ይገኛል፣ ለመጋቢቱ ዝናብም ይደርሳል። ድሬ ላይ ክምር ሳይሆን ጉድጓድ ይመረጣል፤ ክምርን ነፋሱ ከጎኑ ያደርቀዋል። ቦታው ከኒም ወይም ከሌላ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎርፍ ከማይሄድበት ይሁን።

1. 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 1 ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። አንድ ባልዲ ውሃ ግድግዳውና ወለሉ ላይ እርጩ፤ ደረቅ ግድግዳ የኮምፖስቱን እርጥበት ይመጥጣል።
2. ከታች 20 ሳ.ሜ. ያልተከተፈ አገዳ አጋድማችሁ አነባብሩ። አየር የሚገባው በዚህ ነው።
3. ዱላውን መሐል ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ።
4. 15 ሳ.ሜ. የተከተፈ ደረቅ ነገር፣ 10 ሳ.ሜ. እርጥብ ነገር፣ 5 ሳ.ሜ. ፍግ አድርጉ። ላዩ ላይ ሁለት ሦስት አካፋ ጥሩ አፈር በትኑ፤ አብሳይ ተሕዋስያኑ የሚገቡት ከፍጉና ከዚህ አፈር ነው። 40 ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ውሃ አርከፍክፉ።
5. ይህንኑ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ አድርጉ። ከአፉ ትንሽ ያልፋል፤ በሳምንቱ ይወርዳል።
6. በእርጥብ ኬሻ ሸፍኑ።

ስለ ገራባ፦ ድሬና ሐረር ላይ ከጫት ቤት ደጃፍ በነጻ የሚገኝ፣ ናይትሮጂን ያለው እርጥብ ነገር ነው፤ ፍየል ካልቀደማችሁ። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ፌስታሉንና ማሰሪያውን አንድ በአንድ ልቀሙ፤ አንዴ ከተቀላቀለ አይወጣም። ጫት አንዳንዴ የነፍሳት መድኃኒት ስለሚረጭበት ጥሬውን ጎመንና ሰላጣ ሥር አትበትኑ፤ በጉድጓዱ ግሎ ይብሰል። ወፍራሙን እንጨት በጣት ርዝመት ክተፉ፣ አለዚያ ዓመት ይፈጃል።

ደረቁን አብልጡ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አብሳዮቹ ለ25 ወይም ለ30 እጅ ካርቦን አንድ እጅ ናይትሮጂን ይፈልጋሉ። እርጥቡ ከበዛ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ሽንት ሽንት የሚለው ሽታ እሱ ነው። ደረቁ ከበዛ ደግሞ ወር ቆይቶም አገዳው አገዳ ነው።

7. በሳምንቱ ዱላውን ንቀሉና ጫፉን ጨብጡ። ትኩስና እርጥብ ከሆነ፣ ለረጅም ጊዜ መያዝ ካቃታችሁ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፤ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ደርሷል፣ የአረም ዘርና በሽታ ይገድላል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብና የሚገማ ከሆነ አውጥታችሁ ደረቅ አገዳ ቀላቅሉ።
8. በ3ኛው ሳምንት ገልብጡ፤ ከዚያ በየ3 ሳምንቱ። የዳሩ መሐል፣ የመሐሉ ዳር ይግባ። እየገለበጣችሁ እፍኝ ጨምቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ መውጣት አለበት። ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከፈረሰ አንሷል።
9. ድሬ ላይ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሲደርስ ጠቁሮ፣ ምንነቱ የማይለይ፣ ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ይቀራል፤ ለ50 ካሬ ሜትር ይበቃል።

የማይገቡ፦ አመድ፣ ሥጋና ቅባት፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር፣ በበሽታ የሞተ ቲማቲም።

ደረጃ 7፦ አፈሩ ላይ ጨምሩ

ለአትክልት መደብ በካሬ ሜትር አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ (ከ5 እስከ 6 ኪሎ) በትናችሁ ከላይኛው 15 ሳ.ሜ. አፈር ጋር ቀላቅሉ። ከመትከል ሁለት ሳምንት በፊት ይሁን።

ለአዲስ ዛፍ 60 በ60 በ60 ሳ.ሜ. ቆፍሩ፤ የላዩንና የታቹን አፈር ለየብቻ ክምሩ። ከላዩ አፈር ሁለት እጅ፣ ከኮምፖስት አንድ እጅ ቀላቅላችሁ መልሱ። ጉድጓዱን በኮምፖስት ብቻ መሙላት ከምናያቸው ስህተቶች ዋናው ነው፤ በዓመቱ ይሰምጣል፣ ችግኙን ይዞት ይወርዳል፣ ሥሩም ከተመቸው ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ጠንካራው አፈር አይገባም።

ለቆየ ዛፍ 2 ወይም 3 ባልዲ ከቅርንጫፉ ጫፍ ትይዩ ባለው ክብ ላይ በትኑ። ጠጪው ሥር ያለው እዚያ እንጂ ግንዱ ሥር አይደለም። ከላይ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል አልብሱ፤ ከግንዱ 10 ሳ.ሜ. ራቅ ይበል፣ አለዚያ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። የግንቦትና የሰኔ ፀሐይ ባዶ አፈር ላይ ስታርፍ ቅሪቱንም ውሃውንም ትጨርሳለች፤ ይህ ልብስ ግማሽ ሥራ ነው።

ደረጃ 8፦ የጎደለውን ብቻ ከሱቅ ሙሉ

ናይትሮጂን፦ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ለአትክልት በካሬ ሜትር 10 ግራም (ልሙጥ 1 የሾርባ ማንኪያ) ይበቃል፤ ለሁለት ከፍላችሁ ስጡ። 1 ወይም 2 ዓመት ለሆነው ሎሚ በአንድ ጊዜ 50 ግራም፣ በዓመት ሦስት ጊዜ። ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ 5 ሳ.ሜ. ቅበሩና ወዲያው አጠጡ። በሞቃት፣ ኖራማ አፈር ላይ በላዩ የተበተነ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ገንዘባችሁን ነፋስ ወሰደው ማለት ነው።

ፎስፈረስ፦ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጂን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለው። በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ስትተክሉ፣ ከዘሩ ወይም ከችግኙ ጎንና በታች 5 ሳ.ሜ. ርቀት በመስመር ቅበሩ። ፎስፈረስ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ከተበተነ ደግሞ ካልሲየም በየቦታው ያስረዋል። በመስመር ሲሆን ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ጥቂት ስለሆነ ለሥሩ ይተርፋል።

ብረት፦ ተራ የብረት ሰልፌት ኖራማ አፈር ላይ መበተን ከንቱ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይቆለፋል። በአፈር ለመስጠት ኢዲዲኤችኤ የሚል የተጻፈበት የብረት ቺሌት (ብረቱን እንዳይቆለፍ አቅፎ የሚይዝ ውህድ) ነው የሚሠራው። ኢዲቲኤ የሚለው ፒኤቹ ከ6.5 ካለፈ ብረቱን ስለሚለቅ ለዚህ አፈር አይሆንም። መጠኑን ከመለያው ላይ አንብቡ። ከሌለ 5 ግራም የብረት ሰልፌት በ1 ሊትር የዝናብ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ቅጠሉ ላይ ርጩ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቀትር ላይ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። በየ10 ወይም 15 ቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ካላችሁ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት፤ አለዚያ ብረቱ ጆጉ ውስጥ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። ጓንት አድርጉ፤ ሴራሚክና ግድግዳ ላይ የፈሰሰ አይለቅም። የገረጣው ቅጠል ባይመለስ አትደንግጡ፤ የምትጠብቁት ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ነው።

ደረጃ 9፦ ውሃውን አስተካክሉ

ብረት ያጠረው የሚመስል ሎሚ ብዙ ጊዜ ውሃ የበዛበት ነው። የረጠበ፣ አየር ያጣ ኖራማ አፈር ባይካርቦኔት (ኖራ ሲሟሟ የሚወጣ ውህድ) ያከማቻል፤ እሱ ደግሞ የብረትን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ከመርጨት በፊት ማጠጣቱን አራርቁ። ጣታችሁን 5 ሳ.ሜ. አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ዛሬ አይጠጣም። ስታጠጡ ግን እስከ ሥሩ ይድረስ፤ ጠዋት ማታ አንድ አንድ ጆግ ማፍሰስ ሥሩን ላይ ላይ ያስቀራል፣ ጨዉንም እዚያው ያከማቻል።

ጨው ካለ፣ ማዳበሪያ አይጨመርበትም፤ ማዳበሪያም ጨው ነው። ውሃ የሚወርድበት ቦታ ከሆነ (ደረጃ 4) በዝግታ ብዙ ውሃ ሰጥታችሁ ወደ ታች እጠቡት፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይህን በነጻ ይሠራል። የማይወርድ ከሆነ ማጠብ ጨዉን እዚያው ያሽከረክረዋል።

ውሃ ሲጠፋ የዕቃ እጣቢ ማጠጣት የተለመደ ነው። ሳሙና የሌለበት የአትክልትና የጤፍ እጣቢ ጥሩ ነው። የኦሞ ውሃ ግን ሶዲየም አለበት፤ ሲደጋገም ሸክላውን በትኖ አፈሩን እንደ ሊጥ ያጣብቀዋል።

የተለመዱ ስህተቶች

• ምርመራ ሳይደረግ ቢጫ ሁሉ ናይትሮጂን ነው ማለት። ብረት ላጣ ዛፍ ዩሪያ ሲሰጥ አዲስ ቅጠል ያበዛል፣ ሁሉም ቢጫ ሆኖ ይወጣል።
• ትኩስ የዶሮ ኩስ ችግኝ ሥር ማድረግ። አሞኒያውና ጨዉ ሥር ያቃጥላል፤ በኮምፖስት ይለፍ ወይም 3 ወር ይቆይ።
• ያልበሰለ ኮምፖስት መቀላቀል። አብሳዮቹ ሥራቸውን ለመጨረስ ናይትሮጂኑን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ተክሉ ለሳምንታት ይራባል።
• ሸክላን ለማላላት አሸዋ መቀላቀል። ጥቂት አሸዋ በሸክላ ውስጥ ብሎኬት ነው የሚሆነው።
• የደቻቱን ጥሬ አሸዋ አምጥቶ መትከል። የሚተከልበት በኮምፖስት ተቀላቅሎ ነው።

ላቦራቶሪ መላክ ከፈለጋችሁ

ቤት ውስጥ የሚለካው ይህን ያህል ነው። ብዙ ዛፍ ልትተክሉ ካሰባችሁ ናሙናውን ላቦራቶሪ መላክ ያዋጣል። ፒኤች፣ የጨው መጠን፣ የኖራ መጠን፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ጠቅላላ ናይትሮጂንና ተወሳጅ (ሥር ሊወስደው የሚችል) ፎስፈረስ አስለኩ። ፎስፈረሱ በኦልሰን ዘዴ ይሠራ ብላችሁ ጻፉ፤ ብሬይ የሚባለው ለአሲዳማ አፈር የተሠራ ስለሆነ በኖራ አፈር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ፌስታሉ ላይ ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ በቦታው ምን እንደሚተከልና ባለፉት ስድስት ወራት ምን እንደተጨመረበት ጻፉ፤ በማርከር፣ ከውጭ በኩል፣ ምክንያቱም ወረቀት ውስጥ ገብቶ ከእርጥብ አፈር ጋር ሲደርስ አይነበብም።